ዲስኩ ተቀየረ፣ ማሽኑ ግን አልነሳም፦ ከጉለሌ እስከ አምስተርዳም

እዚህ አምስተርዳም ላፕቶፕ ሲበላሽ ሰው ሱቅ ይወስደዋል፣ ወረቀት ይፈርማል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወረቀቱ ላይ ብዙውን ጊዜ በትንንሽ ፊደል «ውስጡ ላለው ዳታ ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ይገኛል። ከጥቂት ቀናት በኋላ መልእክት ይደርሳል። ማሽኑ አዲስ ዲስክ ገብቶለት፣ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖበት፣ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። የከፈተው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ምን ሆኖ እንደነበረም የሚያስረዳ የለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ጠጋኙ ማሽኑን ባለቤቱ ፊት ይፈታዋል። ባለቤቱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይጠየቃል። «መቼ ጀመረው? ወድቆ ነበር? መብራት ጠፍቶበት ያውቃል?» ይህ ልማድ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የተረዳሁት በእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ነው።

ልጅቷ የዕፅዋት ተማሪ ናት። ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ውስጥ በባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ራሳቸውን ችለው የሚበቅሉትን የጽድና የሌሎች አገር በቀል ዛፎች ችግኞች ትቆጥራለች፣ ትለካለች፤ ማታ ማታ ደግሞ መዝገቧን ላፕቶፑ ላይ ትገለብጣለች። 705 ሄክታር በሆነ ግቢ ውስጥ እየተዘዋወሩ የሚሰበሰብ መዝገብ ዳግመኛ ሊሠራ የሚችል ነገር አይደለም፤ ችግኙ አድጎ ወይም ደርቆ ይቆያል። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩ መንቀርፈፍና ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር ሁላችንም ደነገጥን።

ማዕከሉ ስላለበት ከፍታ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ተሽከርካሪው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ዳታ የምታነበው ጭንቅላት ሳህኑን አትነካውም፤ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ከሚዞረው ሳህን በላይ በናኖሜትር በሚለካ ክፍተት፣ በአየር ላይ ትንሳፈፋለች። አየሩ ሲሳሳ ክፍተቱ ይጠባል። በዚህ ምክንያት አምራቾች አብዛኞቹን ዲስኮች እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም እስከ 10 ሺህ ጫማ ድረስ ነው የሚመክሯቸው። ማዕከሉ የእንጦጦን ዳገት ተከትሎ ከ2,500 ሜትር በላይ ጀምሮ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ከዚያም በላይ ያለው የእንጦጦ የኅዋ ምልከታ ጣቢያ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ወሰኑን አልፏል። ኔዘርላንድስ ከባሕር ጠለል በታች ተቀምጦ ዲስክ የሚገዛ ሰው ይህን የሚያስብበት ምክንያት የለውም። እንጦጦ ላይ ለሚሠራ ግን ልዩነት አለው። ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ደግሞ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ አየርም አይፈልግም። አንድ ገዝቼ በመንገደኛ ላክሁላት።

ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለ ጠጋኝ አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ ገለበጠው። የላፕቶፑን ባትሪ አላቀቀ፣ አዲሱን ገጠመ፣ አበራው። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ፦ ኖ ቡተብል ዲቫይስ፤ የሚነሳበት ዲስክ የለም ማለት ነው።

እዚህ ቢሆን ቀጣዩ እርምጃ የታወቀ ነው፤ አዲሱ ዲስክ ይመለስና ሌላ ይመጣል፣ ወይም ዊንዶውስ ከሥር ይጫንበታል። ስድስት ኪሎ ላይ ሌላ ዲስክ ማለት ሌላ መንገደኛ መጠበቅ ነው። ጠጋኙ አዲሱን አወጣና አሮጌውን መልሶ ገጠመው። የእህቴ ልጅ በቪዲዮ ደውላ፣ «አጎቴ፣ አሮጌውም እምቢ አለ!» አለችኝ፤ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከጎኗ ጠጋኙ ረጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እንግዲያው ጥፋቱ ከዲስኩ አይደለም» አለ።

ይህ ዓረፍተ ነገር የጥገና ሙያ ዋናው ነው ብዬ አምናለሁ። ጠዋት ሲሠራ የነበረ ዲስክ ከሰዓት እምቢ ካለ የተቀየረው ማሽኑ ነው። ጠጋኙ ባዮስ የሚባለው የማሽኑ መሠረታዊ ቅንብር ውስጥ ሲገባ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ አገኘው። ቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ሞታ ኖሯል። በብዙ አሮጌ ማሽኖች ሰዓቱንም ሆነ የባዮሱን ምርጫዎች የምታቆየው እሷ ናት። ትልቁ ባትሪ እስኪላቀቅ ድረስ መሞቷ አይታወቅም ነበር፤ ሲላቀቅ ግን ሁሉም ነገር ወደ ፋብሪካው ምርጫ ተመለሰ።

የፋብሪካው ምርጫ ደግሞ ዩኢኤፍአይ የሚባለው አዲሱ የመነሻ መንገድ ነበር። ላፕቶፑ ላይ ከዓመታት በፊት የተጫነው ዊንዶውስ በቀድሞው ሌጋሲ በሚባለው መንገድ ነው የሚነሳው። በሌጋሲ ማሽኑ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት አንብቦ ከዚያ ይቀጥላል፤ ይህ ኤምቢአር የተባለው አሠራር ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ዩኢኤፍአይ ግን እነዚያን ባይቶች ከቁም ነገር አይቆጥራቸውም፤ በፋት32 የተዘጋጀች ትንሽ ፓርቲሽን ፈልጎ ውስጧ ያለውን የማስነሻ ፋይል ይጠራል። ዲስኩ በአንዱ መንገድ ተዘጋጅቶ ማሽኑ በሌላው ከፈለገው፣ ዳታው ሙሉ ሆኖ ሳለ ማሽኑ «ምንም የለም» ይላል። ጠጋኙ አዲስ ክብ ባትሪ አስገባ፣ ምርጫውን ወደ ሌጋሲ መለሰ፣ ኤስኤስዲውን ገጠመ። ዊንዶውስ ተነሳ፤ የችግኞቹ መዝገብም አንድ ሳይጎድል ተገኘ። ወደ ዩኢኤፍአይ መሻገር የሚፈልግ ዳታ ሳያጠፋ የሚቀይር ኤምቢአር2ጂፒቲ የሚባል መሣሪያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዊንዶውስ 10 ውስጥ አለለት፤ ባክአፕ ሳይዙ ግን እንዳይነኩት።

ምክንያቱ ሁልጊዜ ይህ አይደለም። ባዮሱ ዲስኩን ጭራሽ ካላየው ኬብሉን ወይም ዓይነቱን መጠርጠር ነው፤ ኤም.2 የሚባሉት ቀጫጭን ዲስኮች ሳታም ኤንቪኤምኢም እያሉ መልካቸው ይመሳሰላል፣ አንዱን የሚቀበል ቀዳዳ ሌላውን ላይቀበል ይችላል። ዲስኩ ታይቶ ዊንዶውስ ጀምሮ በሰማያዊ ስክሪን ከቆመ ኤኤችሲአይና ሬይድ የሚባሉት ምርጫዎች ተቀያይረው ይሆናል። ሲ የሚባለው ፓርቲሽን ብቻ ተገልብጦ ትንሿ የማስነሻ ፓርቲሽን ከቀረች ደግሞ ፓርቲሽኗን ሠርቶ ቢሲዲቡት በሚባለው ትእዛዝ ፋይሎቹን መልሶ መጻፍ ይቻላል። አንዱም ሙሉ ዲስኩን ፎርማት ማድረግ አይጠይቅም።

ይህን የምለው አገር ቤት የማልወደው ልማድ ስላለ ነው። ብዙ ቦታ የመጀመሪያው መልስ «ፎርማት ይደረግ» ነው፤ ከዚያም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የተሰበረ ዊንዶውስ ከአንድ ፍላሽ ላይ ለሁሉም ይጫናል። ፎርማት ጥፋቱን አይፈውስም፣ ይሸፍነዋል፤ በእህቴ ልጅ ማሽን ላይ ቢደረግ ኖሮ የሞተችው ባትሪ እዚያው ትቀመጥ ነበር። በዚህ በኩል የአውሮፓ ሱቆች ጥንቃቄ ይበልጣል፦ ዲስኩን ከመንካታቸው በፊት የራሱን የጤና መዝገብ፣ ስማርት የሚባለውን፣ ያነባሉ፤ የተሠራውን ይጽፋሉ፤ ከፋይ ከተገኘም አስቀድመው ባክአፕ ይይዛሉ።

የልዩነቱ ሥር ግን ባህሪ ሳይሆን ዋጋ ነው። እዚህ የሰው ሰዓት ከዕቃው ይወደዳል፤ ምክንያት መፈለግ ያከስራል። አገር ቤት ዕቃው በውጭ ምንዛሬ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ያለውን ማስነሳት ግድ ይላል፣ አእምሮም በዚያው ይሳላል። ደስ የሚለኝ፣ እዚህም ይህ አብሮ የመጠገን ልማድ የጎደላቸው ሰዎች ነበሩ። በ2009 እ.ኤ.አ. ማርቲነ ፖስትማ የተባለች ጋዜጠኛ አምስተርዳም ውስጥ የመጀመሪያውን የጥገና ካፌ ከፈተች። በጎ ፈቃደኞች ከባለቤቱ ጋር ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ዕቃውን አብረው ይፈታሉ። ዛሬ በብዙ አገሮች አለ። ስድስት ኪሎ የለመደው ሰው አንድ ጊዜ ቢገባ ቤቱ ይመስለዋል።

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11ን የማይቀበሉ ደህና ማሽኖች እዚህ ከየመሥሪያ ቤቱ እየወጡ ነው፤ ብዙዎቹም በሻንጣችን ወደ አገር ቤት ይሄዳሉ። የምትልኩ ሁሉ እባካችሁ፣ የባዮሱን ፓስወርድ አጥፉ፣ የቡት ምርጫውን ገጽ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለተቀባዩ ላኩ፣ ክቧን ባትሪ ቀይሩ። ከሁሉም በላይ ቢትሎከር የሚባለው የዲስክ መቆለፊያ እንዳለበት እዩ፤ ካለበት ፍቱት፣ ወይም ባለ 48 አኃዙን ቁልፍ ጽፋችሁ አብራችሁ ስጡ። ቁልፉ የሚቀመጠው በአብዛኛው በላኪው አካውንት ውስጥ ስለሆነ፣ ማሽኑ የቆለፈው ዲስክ ቁልፉን በጠየቀ ጊዜ ስድስት ኪሎ ያለው ጠጋኝ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን አይከፍተውም።