ብርሃን የሚያንስበት ቤት

ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ ላይ የታየው ሊስትሮ ስላስቆመው ነው ብል ቀልድ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1838 ሉዊ ዳጌር የሚባል ፈረንሳዊ የፓሪስን አንድ ሰፊ ጎዳና ከከፍታ ላይ ሆኖ አነሳ። ሰውና ጋሪ የሚተላለፍበት መንገድ ነው፤ ፎቶው ላይ ግን ጭር ብሏል። ምስሉ እስኪቀረጽ ደቂቃዎች ስለፈጀ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ምንም ሳይተው አለፈ። ጥግ ላይ አንድ ሰው ብቻ ጎልቶ ቀረ፤ ጫማውን ለማስጠረግ እግሩን አስቀምጦ ቆሞ ነበር።

ካሜራ መማር ስጀምር ከብዙ የዩቲዩብ ቪዲዮ ይልቅ ነገሩን የገለጠልኝ ይህ ፎቶ ነው። ሹተር ስፒድ ማለት ካሜራው ዓይኑን ገልጦ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ በቃ። እስክስታ የሚወርድ ሰው በ1/500 ሰከንድ ብታነሱ ትከሻው አየር ላይ እንደተሰቀለ ይቀራል። በ1/15 ብታነሱ ትከሻው ጭስ ይመስላል። ሁለቱም ያምራሉ። ጥያቄው ከጊዜው ምን ያህሉን ማስቀረት ትፈልጋላችሁ ነው።

ችግሩ ብርሃን ነው። ከ1/30 ወደ 1/60 ስትሄዱ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። አይኤስኦ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፤ ከ400 ወደ 800 ከፍ ሲል ፎቶው በእጥፍ ይደምቃል። ግን ልብ በሉ፣ አይኤስኦ ብርሃን አይጨምርም። ሩቅ ጣቢያ የሚይዝ ሬዲዮ አስቡ። ድምፁን ስትጨምሩ ዜና አንባቢው ይሰማል፣ ሽሽታውም አብሮ ይጎላል። ሽሽታውን እናንተ አላመጣችሁትም፣ ድሮም እዚያው ነበር። ፎቶ ላይ ያ ሽሽታ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይሆናል፤ ኖይዝ የሚሉት እሱን ነው።

ይህን ሁሉ በደንብ ያየሁት አያቴ ቤት ነው። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው፣ ከዚያ ውጭ ያለው የከሰሉ ፍም ነው። አያቴ ቡና እየቀዱ ነበር። የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው፣ ኤፍ 1.8 ድረስ ከፈትኩት። ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ ነበረኝ፦ አይኤስኦ 400 ላይ 1/15 ሰከንድ፣ ወይም አይኤስኦ 3200 ላይ 1/125። ሁለቱም ፎቶውን እኩል ያደምቁታል። ልዩነቱን ለማየት ሁለቱንም አነሳሁ።

በመጀመሪያው ረከቦቱ ጥርት ብሏል፣ ግድግዳው ንጹሕ ነው፤ የአያቴ እጅ ግን ጉም ሆኗል። በሁለተኛው ግድግዳው ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስላል፤ ጀበናውን የያዘው እጅ ግን ከነደም ሥሩ አለ። ሁለቱንም አሳየኋቸው። የመጀመሪያውን አይተው «ታዲያ እጄ የታለ?» አሉ። ሁለተኛውን ግን ካሜራውን ተቀብለው ቆዩበት።

«እጄ የእናቴን እጅ ሆኗል እንዴ?»

እናታቸው አንድም ፎቶ የላቸውም። ከዚያ ቀን በፊት ያንን እጅ ሊያሳየኝ የሚችል ምንም ነገር አልነበረም።

ጀማሪን ሁሉ «አይኤስኦህን ከፍ አታድርግ፣ ጥራት ይበላሻል» ይሉታል። የትኛው ጥራት? ነጠብጣብ በሶፍትዌር ይቀንሳል፣ ፎቶው አነስ ብሎ ሲታተም ደግሞ ብዙም አይታይም። የተንቀሳቀሰ እጅ ግን አንዴ ከደበዘዘ ደብዝዟል። ፍላሽም አለ፤ ነገር ግን ከበሩ የሚገባውን ብርሃን ውጦ ቤቱን ሌላ ቤት ያደርገዋል። የስልክ ናይት ሞድ ብዙ ፎቶ አከታትሎ አንስቶ አንድ ላይ ያዋህዳል፤ ለግድግዳ ጥሩ ነው፣ ቡና ለሚቀዳ ሰው ግን ይከብደዋል። ስልካችሁ ፕሮ የሚል ምርጫ ካለው ሹተሩን 1/125 ላይ አድርጉና አይኤስኦውን ልቀቁት።

የቤተሰብ አልበማችንን ሳገላብጥ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ደጅ ወጥተው፣ ፀሐይ ላይ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ፊልሙ ብርሃን ይፈልግ ነበርና ሰውየው ወደ ብርሃኑ ይወጣል። ደስ ይላሉ፣ ግን ምንም ሲሠሩ አይታዩም። ፈትሉም፣ ቡናው፣ የሌሊት ጸሎቱም የነበረው ብርሃን በሚያንስበት ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ገብቶ ማንሳት ዛሬ አንድ ቁጥር ከፍ ማድረግ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሁለተኛውን ፎቶ በፖስትካርድ መጠን አሳተምኩት። አክስቶቼ አንድ አንድ ወሰዱ። ስለ ነጠብጣቡ እስካሁን ያነሳ ሰው የለም፤ «እጃቸውን አየሽው?» ነው የሚባባሉት።