ከላፕቶፑ በፊት ልጅቷ ትጠየቅ

ልጁን ወይም የልጅ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ቤተሰብ ሁሉ ዛሬ አንድ ትልቅ ወጪ ይጠብቀዋል። በእኛ ጊዜ ተማሪ ወደ ግቢ ሲሄድ የሚያዘው አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ አንድ ሻንጣና የበሶ ዱቄት ነበር። አሁን ላፕቶፕ ተጨምሯል። ገንዘቡን የምናወጣው እኛ ወላጆችና አያቶች ነን፤ የምንገዛውን ዕቃ ቋንቋ ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ሱቅ ገብተን «ጥሩ የሚባለውን አሳየን» እንላለን። ሻጩም እሱ ጥሩ የሚለውን ያሳየናል። ለማን ጥሩ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ሙያዬ ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት በሽተኛው ይጠየቃል። ምንህን አመመህ? ከመቼ ጀምሮ? ምን ስትሠራ ይብስብሃል? ይህ ሳይጠየቅ የታዘዘ ውድ መድኃኒት ከርካሹ አይሻልም። ላፕቶፕ ስንገዛም ያዋጣን ይኸው ልማድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ ሲቪል ምህንድስና ደረሳት። እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ አረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ላፕቶፕ ያስፈልጋል ስንላት 60 ሺህ ብር ላከች። በስልክም «እማዬ፣ ከጓደኞቿ እንዳታንስብኝ። አይ ሰቨን የሚሉትን ግዢላት፤ ከጎደለ እልካለሁ» አለችኝ። ልጅቷም ከጎኔ ሆና «አዎ፣ አይ ሰቨን» አለች። ሁለቱ ተስማምተው ጨርሰዋል። እኔ ደግሞ ያ ገንዘብ የስንት ሌሊት ድካም እንደሆነ ስለማውቅ በስም ብቻ ላወጣው አልፈለግሁም።

ጤና ጣቢያ ሳለሁ በመረጃ ክፍል አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ ወጣት አለ። ኮምፒውተሮቻችን ሲበላሹ የሚያክማቸው እሱ ነበር። ደወልኩለት። «ሲስተር፣ መጀመሪያ ልጅቷን ያገናኙኝ» አለ። ደስ አለኝ፤ የእኔው ሙያ ሰው ነው አልኩ። በምን ፕሮግራም እንደምትሠራ፣ የት ተቀምጣ እንደምትሠራ፣ ላፕቶፑን ተሸክማ ትዞር እንደሆነ ጠየቃት። አውቶካድ፣ ኢታብስና ኤክሴል እንደሚያስፈልጓት፣ ዶርም ውስጥ ለስድስት ልጅ አንድ ሶኬት እንዳለ፣ መብራትም እንደሚጠፋ፣ ላይብረሪና ክፍል ይዛው እንደምትሄድ ነገረችው። «እንግዲህ የምንፈልገው ታወቀ» አለ። ሦስታችን ሆነን ወደ መገናኛ ወጣን።

የመጀመሪያው ሱቅ ያለው ልጅ «ማዘር፣ ይሄ አይ ሰቨን ነው። ሌላ አያስፈልግዎትም» ብሎ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ አቀረበ። ዋጋው ከተላከልን ብር ጋር ይገጥማል። የልጅ ልጄ ዓይኗ በራ። ወጣቱ ግን ላፕቶፑን አስከፍቶ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም አየና ወደ እኔ አዞረው፤ አይ7-6600ዩ ይላል። ቀጥሎም የቁጥሩን አነባበብ አስረዳኝ። ለእናንተም እንዲጠቅም በደንብ ልጻፈው።

አይ ስሪ፣ አይ ፋይቭ፣ አይ ሰቨን የሚባለው ማዕረግ ነው። ማዕረግ የሚነጻጸረው ደግሞ በአንድ ዘመን ውስጥ ባሉት መካከል ነው። ዘመኑን የሚነግረን ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው፤ ሱቆቹ «ጄኔሬሽን» ይሉታል። 6600 በ6 ስለሚጀምር ስድስተኛ ትውልድ ነው። 8250 ቢል ስምንተኛ፣ 1135 ቢል አሥራ አንደኛ፣ 1235 ቢል አሥራ ሁለተኛ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ፊደልም ትርጉም አለው። «ዩ» ኃይል ቆጣቢ ነው፤ «ኤች» ጉልበተኛ ነው፣ ግን ባትሪ ይበላል፣ ይሞቃልም።

ስድስተኛ ትውልድ የሆነው ያ አይ ሰቨን ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው። ኮር ማለት ሠራተኛ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 ስምንተኛውን ትውልድ ሲያወጣ ግን ለቀጫጭን ላፕቶፖች የሚሆኑት አይ ፋይቭና አይ ሰቨን ከሁለት ኮር ወደ አራት ከፍ አሉ። ይህን በእኔ ቋንቋ ልናገረው። የሌሊት ተረኛ ሆነው በሞላ ዋርድ ውስጥ ሁለት ነባር ነርሶችና አራት ወጣት ነርሶች ቢወዳደሩ፣ ማዕረግ ምንም ቢሆን አራቱ ይቀድማሉ። ስለዚህ የኋለኛው ዘመን አይ ፋይቭ የቀደመውን ዘመን አይ ሰቨን ቢበልጥ አይግረማችሁ።

ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11ን ሲያወጣ በኢንቴል በኩል ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በይፋ አልተቀበላቸውም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የደኅንነት ማሻሻያ ለኮምፒውተር እንደ ክትባት ነው። ክትባቱ የተቋረጠበት ዕቃ ወዲያው አይሞትም፤ ግን ተጋላጭ ነው። አምስት ዓመት ለምትማር ልጅ ከወዲሁ ክትባቱ የተቋረጠ ላፕቶፕ አልገዛም አልኩ።

ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ ተቃራኒው ገጠመን። አዲስ አይ ሰቨን፣ የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው፣ ለጌም የተሠራ፣ 110 ሺህ ብር። መቼም ዕቃው ድንቅ ነው። የልጅ ልጄ «እናቴ ከጎደለ እልካለሁ ብላለች እኮ» አለች። ልዩነቱ ከእናቷ የአንድ ወር ደመወዝ ይበልጣል። ወጣቱን ጠየቅሁት። «አርክቴክቸር ብትማር፣ የሕንጻ ምስል አሳምራ የምታወጣ ቢሆን፣ የተለየ ግራፊክስ ካርድ ይጠቅማት ነበር። ለእሷ ሥራ ያለ እሱም ይሆናል። ይህ ደግሞ ከባድ ነው፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል» አለኝ። ስድስት ልጅ በአንድ ሶኬት የሚሻማበት ዶርም ትዝ አለኝ።

በሙያዬ ዘመን የክትባት ማቀዝቀዣ በኃላፊነት ይዤ ነበር። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ማቀዝቀዣ ሲመጣልን ቀለሙን ወይም ትልቅነቱን አንጠይቅም ነበር። የምንጠይቀው «መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል?» ብለን ነው። ለአገራችን ተማሪም የላፕቶፕ ትልቁ ጥያቄ እዚያው አካባቢ ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ ሲሆን የባትሪው ጤንነት በግምት አይታወቅም፤ ይመረመራል። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ኮምፒውተር የሚያውቅ ልጅ በአንድ ደቂቃ ያወጣላችኋል። ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ ባትሪው ሲፈበረክ ይይዝ የነበረውና አሁን ሲሞላ የሚይዘው። የመጀመሪያው ሱቅ አይ ሰቨን 48,000 ይይዝ የነበረው ወደ 22,000 ወርዶ ነበር፤ ከግማሽ በታች። በኋላ የገዛነው 45,000 የነበረው 38,000 ላይ ነው። ቻርጀሩንም ገልብጣችሁ አንብቡ። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ቢሆንም «100–240 ቮልት» የሚል ከተጻፈበት ለእኛ 220 ቮልት ይሆናል፤ ሶኬቱን ብቻ ማስተካከል ነው።

ሦስተኛ ሱቅ ላይ ነገሩ ተስተካከለልን። ያገለገለ ግን ንጹሕ፣ አይ5-1135ጂ7፣ አሥራ አንደኛ ትውልድ፣ አራት ኮር። ራሙ 8 ጊጋ፣ ማስቀመጫው 256 ጊጋ ኤስኤስዲ። ወጣቱ ታስክ ማናጀር የሚባለውን ከፍቶ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ስር የፕሮሰሰሩን ስም፣ የኮሩን ብዛት፣ ራሙ ስንት እንደሆነና ስንት መክተቻ ባዶ እንዳለ፣ ዲስኩም ኤስኤስዲ መሆኑን አንድ በአንድ አሳየኝ። ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽና ደም ግፊት እንደ መለካት ነው። ሻጩ ምንም ቢል፣ ካርዱ ላይ የሚጻፈው የተለካው ነው።

ራም ምን እንደሆነ ለማይገባችሁ፣ ቁስል ስናጥብ የምንገፋውን ትሮሊ አስቡ። ትሮሊው ሰፊ ከሆነ መቀሱም፣ ጎዙም፣ መድኃኒቱም አብሮ ይቀመጣል። ጠባብ ከሆነ ለእያንዳንዱ ዕቃ ወደ ቁም ሳጥን መመላለስ ነው። ለመጻፍ፣ ለማንበብና ለኢንተርኔት 8 ጊጋ ይበቃል። ለምህንድስና ፕሮግራሞች 16 ቢሆን ይመረጣል። የእኛው ባዶ መክተቻ ስለነበረው ሌላ 8 ጨመርንበት። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከሰሌዳው ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ በኋላ መጨመር አይቻልም፤ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

በማስቀመጫ በኩል «1 ቴራ» የሚል ቃል አያታልላችሁ። የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ። ሰፊ ነው ግን ቀርፋፋ፤ እየሠራ ሳለ ከወደቀም ይጎዳል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ካርድ ክፍል የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ ካርድ ፈልጎ የሚያመጣው ሰው ከዘገየ ሰልፉ አያልቅም። ስለዚህ ከ1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ይልቅ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ይሻላል፤ አቅም ካለ 512። ፊልምና ሙዚቃ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። የትምህርት ሥራ ደግሞ ምንጊዜም ሁለተኛ ቅጂ ይኑረው፤ ላፕቶፕ ሊሰረቅም ሊበላሽም ይችላል።

የቀሩትን ባጭሩ ልበል። እያንዳንዱን የኪቦርድ ቁልፍ ተጫኑ። ፍላሽ ሰክታችሁ ሞክሩ። የፕሮጀክተር መሰኪያ እንዳለው እዩ። ያገለገለው ከውጭ ድርጅት የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ የቀድሞ ባለቤቱ የይለፍ ቃል ያልተቆለፈበት መሆኑን አጥፍታችሁ እንደገና በማስነሳት አረጋግጡ። የመመለሻ ቀኑን ደረሰኝ ላይ አስጽፉ። ደግሞ የሁሉም ልጅ ፍላጎት አንድ አይደለም። ሕግ፣ አካውንቲንግ ወይም ነርሲንግ ለሚማር ልጅ የቅርብ ዘመን አይ ስሪ ከ8 ጊጋ ራምና ከኤስኤስዲ ጋር በቂ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ የልጅ ልጄ ዝም እንዳለች ነበር። ሁለት ቀን አኮረፈች። ማታ ለእናቷ ስደውል ነገሩን በግልጽ ነገርኳት። አይ ፋይቭ መገዛቱን፣ ራም መጨመሩን፣ ከላከችው ውስጥም ጥቂት ሺህ ብር መትረፉን። ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያ «እማዬ፣ እኔ እኮ የጎደለባትን ልሞላላት ብዬ ነው» አለች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የላፕቶፕ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። ርቃ ያለች እናት ፍቅሯን የምትልክበት መንገድ ጥቂት ነው። ስልክ አለ፣ ብር አለ፣ ዕቃ አለ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፍቅሩም የጨመረ ይመስላታል። አልፈረድኩባትም። ግን «የጎደለባት አንቺ ነሽ እንጂ ፕሮሰሰር አይደለም። ያንን 50 ሺህ ለመምጫሽ አስቀምጪው» አልኳት። አለቀሰች። እኔም። ከዚያ ወዲያ ስለ አይ ሰቨን አንስታ አታውቅም፤ ስለ መምጣት ግን ማውራት ጀምራለች።

የልጅ ልጄ ለእረፍት ስትመጣ የሠራችውን የደረጃ ንድፍ ከፍታ አሳየችኝ። መስመሩ ብዙም አልገባኝም። «የጓደኛዬ አይ ሰቨን ግን ከእኔ ይፈጥናል» አለችኝ። አልተከራከርኳትም፤ አዲሱ አይ ሰቨን በእርግጥ ይፈጥናል። «የአንቺ ሥራ ቆሞብሽ ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኋት። «ኧረ አልቆመም» አለች። ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ ናት፤ እስከ አምስተኛ ዓመት ያደርሳት እንደሆን አብረን እናያለን።

ውድ ወላጆችና አያቶች፣ የፕሮሰሰሩን ስም ባታስታውሱም ግድ የለም። ልጃችሁን አስቀምጣችሁ ምን እንደምትሠራበት፣ የት እንደምትሠራበት፣ ለስንት ዓመት እንደምትፈልገው ጠይቁ። መልሱን ይዛችሁ፣ የሚያውቅ ሰው አስከትላችሁ ሱቅ ግቡ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ፤ በሰው አገር ያሉትንም በሰላም ለቤታቸው ያብቃልን።