ለአስታማሚዋ እህቴ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፤

እማዬን ከሆስፒታል ይዘሻት ከወጣሽ ወዲህ የምትጠይቂኝን በስልክ እየመለስኩልሽ ነው፤ ግን በስልክ ሁለታችንም እንቸኩላለን፣ መስመሩም ይቆራረጣል። ረጋ ብለሽ እንድታነቢው ብዬ ጻፍኩልሽ።

አስቀድሜ የእማዬን ነገር ልጨርስ። ስትሮክ አልጋ ላይ ላዋለው ሰው እኔ እንደ ነርስ አብዝቼ የምፈራው የአልጋ ቁስልን ነው። ቀንም ሌሊትም በየ2 ሰዓቱ ገልብጧት። በጎኗ ስትተኛ በጉልበቶቿ መሐል ትራስ አድርጊ፤ ተረከዟ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቷ ሥር የታጠፈ ጋቢ አስገቢላት። ገላዋን ስታጥቢ ዳሌዋን፣ ከወገቧ በታች ያለውን አጥንትና ተረከዟን ደህና አድርገሽ እዪ። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ አይታይ ይሆናል፤ ከሌላው ጠቆር ያለ፣ ሲነኩት የሚሞቅ ወይም ጠጠር ያለ ቦታ ካገኘሽ በዚያ በኩል አታስተኚያት። ይሻላታል ብለሽም አትሺው።

ስትበላ ቀና ብላ ትቀመጥ፣ ከበላችም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደዚያው ትቆይ። ቀጭን ነገር ትን ስለሚላት ወፈር ያለ አጥሚት ይሻላታል። ስታነሷት በደከመው እጇ አትጎትቷት፤ ትከሻዋ ይጎዳል። የደም ግፊት ኪኒኗን ደግሞ ግፊቷ ወረደ ብለሽ አታቋርጪ። የወረደው በኪኒኑ ነው።

ጠበል እንውሰዳት ባሉሽ ጎረቤቶች አትቀየሚ። የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. አካባቢ፣ ለጠበል ብለው መድኃኒታቸውን አቁመው በሰው ሸክም የተመለሱልንን አይቻለሁ። ኋላ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብሮ ይወሰድ ብለው በአደባባይ ሲናገሩ እፎይ አልኩ። አንቺም ጠበሉን አምጪላት፤ ኪኒኗ ግን አይቅር።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። በሆስፒታል ከሁሉ አብልጦ የሚሠራው ማነው ብትዪኝ አስታማሚ ነው እልሻለሁ። እኛ ነርሶች በተራ እንቀያየራለን፤ እሱ የሚቀይረው የለም። አልጋ ሥር ካርቶን አንጥፎ ያድራል፣ የጎደለ መድኃኒት ከውጭ ይገዛል፣ ናሙና ይዞ ላቦራቶሪ ይሮጣል፣ ፖፖ ይደፋል፣ ያጎርሳል፣ ጠያቂ ይቀበላል። በሽተኛው ካርድ አለው፤ ትኩሳቱ፣ ትንፋሹ፣ የሽንቱ ልክ ሳይቀር ይጻፍለታል። የአስታማሚውን የሚጽፍ የለም።

አንዲት ሴት ከዓይኔ አትጠፋም። ባሏ እንደ እማዬ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ተኝቷል፤ እሷ ከገጠር ይዛው መጥታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከአልጋው ሳትለይ ሰንብታለች። አንድ ማለዳ የባሏን ግፊት ለክቼ ማሰሪያውን ስፈታ ግንባሯን ይዛ ግድግዳው ላይ ተደግፋ አየኋት። ምነው ስላት፣ «ምንም አይደል ሲስተር፣ ትንሽ ራሴን ነው» አለችኝ። ያንኑ ማሰሪያ እሷ ክንድ ላይ ጠቅልዬ ለካኋት፦ 200 በ120። የባሏ 150 በ90 ነበር። በዚያው ቀን ለእሷም ካርድ ወጣላት፣ እሱን እንዲያስታምም ወንድሙ ከአገር ቤት ተጠራ፤ ሳይውል ሳያድር ደረሰ። ለካ የሚመጣ ወንድም ነበረው፤ ያልነበረው የሚጠራው ሰው ነው።

«እኔ ምን ሆኜ፣ እሷ ትዳንልኝ እንጂ» ስትዪኝ ያቺ ሴት ድቅን አለችብኝ። ቤትሽ ጠያቂ እንደማያጣ አውቃለሁ፤ የደሴ ሰው ነው። ብርቱካንና ዳቦ ይዘው ይመጣሉ፣ አንቺ ደግሞ እንቅልፍ በዓይንሽ ሳይዞር አድረሽ ቡና ስታፈዪ ትውያለሽ። ይህ ይቅር። የመጣውን ሁሉ ሥራ ስጪው። አንዷ ታጉርሳት፣ አንዷ አንሶላውን ትጠብልሽ፣ አንዷ እንድትገለብጣት አሳዪያት። የእድሩ ሴቶች እኮ ሰው ሲሞት ድንኳን ውስጥ ቀናት የሚቀመጡ ናቸው፤ እማዬ በሕይወት ሳለች አንድ ከሰዓት በኋላ አብራችኋት ቁጭ በሉልኝ ብትያቸው እምቢ አይሉሽም። ወንድማችንም ቢያንስ አንዳንዱን ሌሊት ይያዝ። ወንድ ልጅ እናቱን አያጥብም የሚለውን አልቀበልም፤ እናታቸውን አቅፈው የሚያጥቡ፣ ጥፍሯን የሚቆርጡ ወንዶች በዋርድ ስንቱን አይቻለሁ። እሱን እኔ ደውዬ አነጋግረዋለሁ።

የተኛሽ ሌሊት ለእማዬም ይጠቅማታል። ያልተኛ ሰው የኪኒን ሰዓት ይስታል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል፤ እሷም መናገር አቃታት እንጂ የድምፅሽን ለውጥ ትሰማለች። ይህንን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ በአንቺ ቦታ ማንም ይደክማል።

እኔ ለመስቀል እመጣለሁ፤ ከመጣሁ በኋላ ሌሊቱ የእኔ ነው። እስከዚያው አንድ ነገር ልለምንሽ። በዚህ ሐሙስ ጠዋት እማዬን ለሰው አደራ ብለሽ ጤና ጣቢያ ሂጂና ግፊትሽን ተለኪ። ቡና ሳትጠጪ ሂጂ፤ ከመለካትሽ በፊትም አምስት ደቂቃ ያህል ቁጭ ብለሽ እረፊ። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ደግመሽ ተለኪ፣ ለሐኪሙም የእማዬን ስትሮክ ንገሪው፤ የደም ግፊት በዘርም ሊመጣ ይችላል። የተጻፈልሽን ቁጥር ይዘሽ፣ ቤት ሳትገቢ ከመንገድ ላይ ደውዪልኝ።

እህትሽ