የገባበት ይወጣል

ይሉኝታ በነገሠበት አገር የሰውን ዓይን እያዩ «አልቻልክም፤ ተነስ» ማለት ቀላል አይደለም። ለታላቅ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። እኔ ግን ከትምህርት ቤት የተረፈውን የልጅነት ጊዜዬን ያሳለፍኩት ይኸው ቃል ቀኑን ሙሉ በሚወረወርበት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ፍስሐ ገነት፣ ከዲላ ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው አስፋልት ዳር፣ ይርጋ ጨፌን አልፎ ሐገረ ማርያም ሳይደረስ። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ጀርባው የተቆዘረ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ አንድ ግራጫ ሳጥን። ፕሌይስቴሽን ቤት እንለው ነበር። ወላጆቻችን የሚሉትን ልተወው።

ጊዜው ሚሌኒየሙን ለመቀበል ሽር ጉድ የሚባልበት፣ 1998 እና 1999 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ሀብታሙ ዓለም በዚያ ሰሞን ፕሌይስቴሽን 3 ለመግዛት ተሰልፏል። እኛ ጋ የደረሰው ገና የመጀመሪያው ነበር፤ ያውም ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ። ሲዲ አላነብ ሲል ባለቤቱ ሳጥኑን በጀርባው ይገለብጠዋል፤ ያነባል። ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ኋላ እንዳነበብኩት የቀደሙት ፕሌይስቴሽኖች ማንበቢያቸው በሙቀትና በአገልግሎት ብዛት ስለሚዛባ፣ በየአገሩ ያለ ልጅ ሁሉ ሲገለብጣቸው ኖሯል። እኛ ግን የፍስሐ ገነት ፈጠራ መስሎን እንኮራበት ነበር።

ኳስም ነበር። ኳስ ግን ረጅም ነው፣ ተራ ይዘጋል። ድብድቡ ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ የነገሠው ቴከን 3 ነው። ናምኮ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ለመጫወቻ አዳራሾች፣ በ1998 ደግሞ ለፕሌይስቴሽን ያወጣው። እንግሊዝኛ ላልዘለቀው ልጅ እንደዚህ የሚመች ጨዋታ የለም። አራቱ ቁልፎች ሁለት እጅና ሁለት እግር ናቸው፤ አራት ማዕዘኑ ግራ እጅ፣ ሦስት ማዕዘኑ ቀኝ እጅ፣ ኤክሱ ግራ እግር፣ ክቡ ቀኝ እግር። በቃ። እነ ስትሪት ፋይተር ስድስት ቁልፍ ይዘው ቡጢውንም ርግጫውንም ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ እያሉ ሲከፋፍሉ፣ ቴከን ገላህን ጣቶችህ ሥር አምጥቶ አስቀመጠልህ።

ሕጉ የመጣው ከሜዳ ነው። በጨርቅ ኳስ ስንጫወት ያገባ ይቀጥላል፣ የገባበት ይወጣል። እዚያም እንዲሁ ነው፤ የተሸነፈ ሃምሳ ሳንቲም ከፍሎ ይነሳል፣ ያሸነፈ ምንም ሳያወጣ ይቀመጣል። እንግዲህ ጎበዝ የሆነ ድሃ በሰነፍ ባለገንዘብ ሳንቲም ቀኑን ሙሉ ይጫወታል ማለት ነው። በከተማችን ይህ የሚሆንበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

የእኛ የጌዴኦ ገንዘብ ወቅት አለው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸት ቡና ሲለቀም ከሕፃን እስከ አዋቂ ኪሱ ይንኳኳል፤ ለቀማ የዋለ ልጅ የለቀመበትን ተቀብሎ ማታ ወደኛ ነው። ወረፋው በር ድረስ ይደርሳል። ችግሩ ጣት ነው። ከቀይ ቡና ፍሬ የሚወጣው ጣፋጭ ዝልግልግ ጣት ላይ ይደርቅና ጆይስቲኩን ያጣብቀዋል፤ ቁልፉ አንዴ ከገባ አልወጣም ይላል። ባለቤቱ ስለዚህ በር ላይ ጀሪካን ውሃና የተቆረሰ አጃክስ ሳሙና አኖረ። «ታጥበህ ግባ!» የምትለዋ ቃሉ እስከ አስፋልቱ ትሰማለች። ያም ሆኖ ቅዳሜ ማታ ጆይስቲኮቹን በካቻቢቴ ፈቶ፣ ከቁልፎቹ ሥር ያለችውን ጥቁር ላስቲክ አንስቶ፣ አረቄ በነከረው ጥጥ አንድ በአንድ ይጠርጋቸዋል። አረቄው ለጥጡ ብቻ አልነበረም።

ሰኔና ሐምሌ ሲመጣ ያ ሁሉ ተጫዋች ተመልካች ይሆናል። እንሰቱ ከጓሮ ስለሆነ ቆጮ ከቤት አይጠፋም፤ የሚጠፋው ሳንቲም ነው። ባለቤቱ ግን አግዳሚው ላይ በነፃ የሚቀመጠውን አያባርርም ነበር፤ ተመልካች በሌለበት ማን ማሸነፍ ይፈልጋል?

ከነዚህ ተመልካቾች መካከል ነው ሞኩጂን የወጣው። በስማችን አንጠራራም ነበር፤ ሁሉም የሚጠራው በሚመርጠው ተዋጊ ነው። ኤዲ የሚባሉ ሦስት አራት ነበሩ፤ ምክንያቱም ብራዚላዊው ኤዲ ጎርዶ በካፖዌራ እየተሽከረከረ ስለሚዋጋ፣ ሁለቱን የእግር ቁልፎች ዝም ብሎ የሚቀጠቅጥ ጀማሪ እንኳ ያሸንፍበታል። በኤዲ ማሸነፍ እንደ ማሸነፍ አይቆጠርም። ሞኩጂን ግን የእንጨት ሰው ነው። የራሱ ስልት የለውም፤ በየዙሩ የሌላውን ይዋሳል፤ የማንን እንደተዋሰ ደግሞ አይነግርህም። በሱ ለመጫወት የሁሉንም ማወቅ ያስፈልጋል። ልጁ ሁሉንም ያወቀው አግዳሚው ላይ ሳንቲም ሳይኖረው ተቀምጦ ነው። የተቀረነው ስክሪኑ ላይ ስናፈጥ እሱ አንገቱን ቀልሶ የሰው አውራ ጣት ያያል። ሊመታ ያሰበ ሰው ከመምታቱ በፊት አውራ ጣቱ ከፍ ይላል፤ ሊከላከል ያሰበ ደግሞ የኋላዋን ቀስት ጥፍሩ እስኪነጣ ይጫናል። ይህን ያሳየኝ እሱ ነው። ካሳየኝም በኋላ አልማረኝም።

አንድ ቀን ከመምህሮቻችን አንዱ መጣ። ክፍሉ ቀጥ አለ። የተሰበሰብነው ልጆች ግማሻችን የዚያን ሳምንት የቤት ሥራ አልሠራንም። መምህሩ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ተራውን ጠብቆ ተቀመጠና ፖልን መረጠ፤ ያ ፀጉሩ እንደ ግንድ ሽቅብ የቆመው። አንድ ከባድ ቡጢ ያውቃል፣ እሱኑ ይደጋግማል። ሞኩጂን የመጀመሪያውን ዙር ቡጢውን አየ፣ በሁለተኛው ቡጢው ሲመጣ ወደ ጎን ፈንጠር እያለ ጨረሰው። ጸጥታው ከበደ። ማን ይናገር? ልጁ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «ቲቸር፣ ይነሱ» አለ። አንቱታው አለ፣ ይሉኝታው የለም። መምህሩ ሳንቲሙን ቴሌቪዥኑ ላይ አኖረ። በሩን ከፍቶ የሚሄድ መስሎን ነበር። እሱ ግን ወደ አግዳሚው ጫፍ ሄዶ ከሰባተኛ ክፍል ልጆች ኋላ ወረፋ ያዘ።

መንገድ ዳር ያለ ከተማ እውቀቱም በመኪና ነው የሚመጣው። የአይሱዙ ረዳቶች ቡና እስኪጫን ድረስ ገብተው «ዲላ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፣ ሐዋሳ ደግሞ እንዲህ» እያሉ አዲስ አዲስ ምት ያስተምሩን ነበር። ይህን ሰምተን ዲላ ሄድን። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከሚጫወቱበት ቤት ገብተን እንደ ጉድ ተደበደብን፤ ሞኩጂን ጭምር። በመልስ ጉዞ ማንም አላዘነም። እሱማ እዚያው መኪናው ውስጥ ባዶ እጁን ይዞ አውራ ጣቱን ያንቀሳቅስ ነበር፣ ያየውን እንዳይረሳ።

ብዙ ዓመት ቆይቶ ስለ ፓኪስታኗ ላሆር ሳነብ ይህ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 አርስላን አሽ የሚባል ፓኪስታናዊ፣ ፉኩኦካ ላይ በተካሄደው ኤቮ ጃፓን በሚባለው የድብድብ ጌሞች ውድድር በቴከን 7 አሸነፈ። ማን እንደሆነ የሚያውቀው ጥቂት ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላስ ቬጋስ ላይ ዋናውን ኤቮ ደገመ። የጨዋታው ነገሥታት ኮሪያውያንና ጃፓናውያን ሆነው ሳለ ይህ ከየት መጣ ተባለ። እሱም አገር ቤት እንደሱ ያሉ ብዙ እንዳሉ ተናገረ። ትሕትና መሰላቸው። ቀጥሎ ሌላው ፓኪስታናዊ አቲፍ ቡት የ2022ቱን የቴከን ዓለም ዙር ፍጻሜ ሲወስድ፣ ትሕትና እንዳልነበረ ታወቀ። ቪዛ የሚከለከሉ፣ ከሰፈራቸው ውጭ ተጋጣሚ የማያገኙ ልጆች በየሰፈሩ መጫወቻ ቤት እርስ በርስ ሳይራሩ ዓመታት ተፋጅተዋል። እኔን አልደነቀኝም። እኛ የጎደለን መብራት ብቻ ነበር እላለሁ፤ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ይጠፋ ስለነበር። ይህ እንኳ ጉራ ነው።

አሁን ልናዘዝ። ሰው ሲጠይቀኝ «ያ ጌም ናፈቀኝ» እላለሁ። ስልኬ ላይ ጭኜው ነበር፣ ግን ሁለት ቀን ሳልቆይ አጠፋሁት። የናፈቀኝ መሸነፍ ነው። አዲስ አበባ ከገባሁ ወዲህ የምሠራው ስብሰባና ሪፖርት የበዛበት ሥራ ነው። ሪፖርትህን ስታቀርብ ሁሉም «በጣም ቆንጆ ነው» ይላል፤ እውነቱን የምትሰማው በኋላ ማኪያቶ ላይ፣ እሱንም ከሦስተኛ ሰው። በዚህ ዓይነት ሰው ዓመት ሙሉ ያንኑ አንድ ቡጢ እየደጋገመ ይኖራል፣ ወደ ጎን ፈንጠር የሚልበት የለምና። ለረጅም ጊዜ መድኃኒቱ የሚታወቀኝ ይመስለኝ ነበር፤ ፍስሐ ገነት እንደነበረው ፊት ለፊት መነጋገር ነው፣ ሌላው ሁሉ ጣጣ ነው እያልኩ እከራከር ነበር።

ከዚያ የተመኘሁት ደረሰብኝ። አንድ አለቃ በሰው ፊት ወረቀቴን ወደኔ ገፋና «ይህ አይሆንም» አለ። ልክ ነበር፤ አይሆንም ነበር። ሥራው ግን ለሌላ ተሰጠ፣ ከዚያ በኋላም ወደኔ አልተመለሰም። ፍስሐ ገነት ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ ተሸንፌ እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም፤ በዚህች በአንዷ ሳምንት ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። ቃሉ ያው ነው፤ ያኔ «ተነስ»፣ አሁን «አይሆንም»። ታዲያ ያኛው ለምን አላመመኝም? ስመረምረው ያገኘሁት ያንን አግዳሚ ነው። እዚያ የተነሳ ሰው የሚሄድበት ቦታ ነበረው፤ ሦስት ሰው ጠብቆ ይመለሳል፣ ዕዳውም ሃምሳ ሳንቲም ነው። መምህሩ ክብሩ ሳይነካ የተነሳው ወረፋ የሚይዝበት ቦታ ስለነበረ ነው። ወረፋ በሌለበት ቤት «ተነስ» ማለት ማባረር ነው። ይሉኝታችንንም ከዚህ ወዲህ እንደ ድሮው አላማውም፤ አብዛኞቻችን ሁለተኛ ዕድል የማይሰጥ ቤት ውስጥ ስለምንኖር እርስ በርስ የምንደባበቅበት መጋረጃ ይሆናል። ስለዚህ ለባልደረባዬ ሥራው እንዳልሆነ ከመንገሬ በፊት፣ መልሶ የሚያመጣበት ቀን ካለ፣ ንግግሬ ውስጥ እጨምራለሁ። ከሌለ ዝም የምልበትም ጊዜ አለ። ይህን ጀግንነት አልለውም።

አሁን በየሰፈሩ ያሉት የጌም ቤቶች ብዙዎቹ የሚያስከፍሉት በሰዓት ነው። ሁለት ጓደኛሞች ሰዓታቸውን ገዝተው ይቀመጣሉ፤ ቢሸነፉም አይነሱም፣ የሚጠብቅም አያያቸውም። ለባለቤቱ ይሻለዋል፤ ጠብም የለም፣ ሂሳቡም የታወቀ ነው። እኔ ግን የእህቴን ልጅ ይዤ ስገባ እዚያው ሁለታችን መካከል የድሮውን ሕግ አውጃለሁ። የሚጫወተው ቴከን 8 ነው። ኤዲ እንኳ ጨዋታው ሲወጣ አልነበረበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ለብቻው ተሽጦ ነው የተጨመረው፤ ቁልፍ ለሚቀጠቅጥ ጀማሪ እንዲህ ያለ ዘመን መጥቷል። ልጁን አላዝንለትም። አውራ ጣቴን እንዲያይ ነግሬዋለሁ፣ ከዚያ እመታዋለሁ።

እህቴ በዚህ አትስማማም። «አንተ ሰውዬ፣ ልጄን አታስለቅስብኝ፤ አንዴ ብትለቅለት ምን ትሆናለህ?» ትለኛለች። ከለቀቅኩለት ያሸነፈኝ ቀን እንዴት ያምነኛል እላለሁ። «ዘጠኝ ዓመቱ ነው!» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ድሮም እልኸኛ እንደነበርኩ፣ እናታችንም ይህንኑ ትል እንደነበር እየዘረዘረች ሳለ ልጁ አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ ኤዲን መርጦ ጨርሷል። በኤዲ ማሸነፍ እንደማይቆጠር ልነግረው ነበር፤ መጀመሪያ ያሸንፈኝ ብዬ ተውኩት።