የእህቴ መንጋጋ

በልጅነቴ ፎንቆ ላይ የወተት ጥርሴን ጣራ ላይ ስወረውር ምትኩ እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ መጣም። በ12 ዓመቴ ግን ትልቁ የታችኛው መንጋጋዬ በጉጠት ወጣ፤ ያ በ6 ዓመት ገደማ የሚበቅለው፣ ምትክ የሌለው። የነቀለኝ ሰው ጥጥ አስነክሶ «በቃ፣ ተገላገልክ» አለኝ። እውነት መስሎኝ ደስ አለኝ። እነሆ እስከ ዛሬ የበቆሎ ቆሎ የምቆረጥመው በአንድ ወገን ነው።

ዘንድሮ ተራው የታናሽ እህቴ ሆነ። 17 ዓመቷ ነው። ያው መንጋጋ በስብሶ ግማሹ ፈርሷል፤ መነቀሉ አልቀረም። ነገሩን የጥርስ ሕክምና ለሚማር የዶርሜ ልጅ ባጫውተው፣ ከአልጋው ብድግ ብሎ «ቆይ! ሳትነቀል ራጅ ትነሳ» አለኝ። አዲስ አበባ አምጥተን ራጅ ተነሳች። የመጨረሻው መንጋጋዋ ገና ከድድ በታች ነው፤ ሥሩም ያደገው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ያየው ሐኪም «ምትኩ እዚያው አፏ ውስጥ አለላት» አለ።

እናቴን ለማሳመን ፎንቆ ወረድኩ። «ከአንዱ ጉድጓድ አውጥቶ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ? የሰው አፍ ጓሮ ነው እንዴ!» አለች። ጓሮ ስትል ጊዜ እንሰቱን አሳየኋት።

«እማዬ፣ ይሄን ስንቴ ነቅለሽ ተክለሽዋል?»

«እንሰት አያመውም» አለችኝ።

የሆነ ሆኖ ጊደሯ ተሸጠች።

ምሳሌዬ እንደሚያነክስ የገባኝ ኋላ ነው። እንሰት ሥሩ ቢከረከም ሌላ ያወጣል። ጥርስን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው ግን ሥሩን የሸፈነው ስስ ሕያው ሽፋን ነው፤ ያ ከተላጠ ወይም ከደረቀ አጥንቱ ሥሩን ቀስ እያለ ይበላዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ጥርሱን የሚይዘው በአናቱ እንጂ በሥሩ አይደለም፤ ጉድጓዱን አስቀድሞ በልኩ ያዘጋጃል፤ ጥርሱ ከአፍ ውጪ የሚቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ነው። የሥሩ ጫፍ ገና ክፍት ከሆነ ደም ሥር ተመልሶ ሊገባበት ይችላል፤ ከተዘጋ ግን ውስጡን አጽድቶ መሙላት ግድ ይሆናል። የኦስሎዎቹ ሐኪሞች ስላግስቮልድና ቢየርኬ በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናትም ሥራቸው አድጎ ባላለቀ ጥርሶች ላይ የተሠራ ነው።

ደግሞስ የራስ ጥርስ መሆኑ! በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ጥርስ ከድሃ አፍ ተነቅሎ ለባለጸጋ ይተከል ነበር። ስመ ጥሩው ጆን ሀንተር ነገሩን ይደግፍ ነበር፤ የሰው ጥርስ በአውራ ዶሮ አናት ቀይ ሥጋ ላይ ሳይቀር ተክሏል። የባዕድ ጥርስ ግን አልበረከተም፤ በሽታ ይዞ የገባም ነበር። ለመሆኑ ጥርሱን የሸጠው ድሃ የተከፈለውን ገንዘብ በምኑ አኝኮ በላው?

የእህቴ በክር ታስሮ 2 ሳምንት ከረመ። አጎቴ ቤት የቡላ ገንፎ ስትበላ ሰነበተች፤ እኔም በየቀኑ አፏን እያስከፈትኩ አሰለቸኋት። ባይይዝስ? ጥርሱም ጊደሯም የለም ማለት ነው፤ አማካሪው ደግሞ እኔ ነኝ።

ክሩ ትናንት ተፈታ። እናቴ ደውላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ይነቃነቃል?» ብላ ነው።

«ትንሽ» አልኳት።

ዝም አለች። ቀጥላም «አዲስ ተካይ እንሰትም እንደዚያው ነው» አለች፤ «ለማንኛውም ቆሎ እንዳትሰጧት።»