ነጠብጣቡ መሥመር

ዛሬ ለልጄ የዓለም ካርታ ገዝቼ ገብቼ፣ ምንጣፉ ላይ ዘርግተን አገር ስንፈልግ፣ እርሷ ጣቷን ከካሽሚር በስተምሥራቅ አኑራ «አባዬ፣ ሌላው ድንበር ሁሉ ወጥ ሆኖ ሲሰመር ይኸኛው ስለ ምን ነጠብጣብ ሆነ?» ብትለኝ፣ ነገሩ ከወዴት እንደሚጀመር ቸግሮኝ ዝም አልሁ።

አክሳይ ቺን ነው። ሕንድና ቻይና እ.ኤ.አ. በ1954 አምስቱን የሰላም መርሖች ፈርመው ወንድማማችነታቸውን ባወጁ በስምንተኛው ዓመት፣ ቻይና ያን ምድረ በዳ አቋርጣ ወደ ቲቤት ያወጣችው መንገድና የቆየው የወሰን ክርክር ተደማምረው ጦርነት ወለዱ፤ ከአንድ ወር በኋላ ተኩሱ ሲቆምም የቀረው፣ በሁለቱ ማኅተም የጸና ወሰን ሳይሆን፣ በየፊናቸው የሚያሰምሩት የማይገጥም መሥመር ነው።

ካርታ ሲነሣ ከዐይነ ልቡናዬ የማይጠፋው፣ ከሕንድ መጥቶ ጂኦግራፊ ያስተምረን የነበረው፣ እኛ ተማሪዎቹ «ጋሽ ድንበሩ» ያልነው መምህራችን ነው። ጠመኔ በነካው ጣቱ ቀይ ብዕር ይዞ፣ በክፍላችን ግድግዳ በተሰቀለው ካርታ ላይ ያችን ስፍራ አገሩ እንደምታሰምራት አድርጎ ቢያርማት፣ እኛ ሳቅን፤ ርእሰ መምህሩም የመንግሥት ንብረት አበላሸ ብሎ የካርታውን ዋጋ ከደመወዙ አስቈረጠበት። ታላቅ ወንድሙ በ1962 በዚያ በረዶ ላይ በሸራ ጫማ ዘምቶ እንዳልተመለሰ የነገረን በዓመቱ መጨረሻ ነበር። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ይቈጨኛል፤ ያን ቅጣትም እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁትም።

በ1996 ሁለቱ መንግሥታት ከመሥመሩ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ ጥይት እንዳይተኰስ ቃል ተጋቡ። ቃሉ ጠመንጃውን ዝም አሰኘ እንጂ መሥመሩ የት እንደ ሆነ አልተናገረምና፣ ጁን 15 ቀን 2020 ሌሊት፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው የጋልዋን ሸለቆ፣ ወታደሮቹ በድንጋይና ሚስማር በተተከለበት ብረት ተጨፋጨፉ፤ 20 ሕንዳውያንና፣ ቻይና ኋላ እንዳመነችው፣ 4 ቻይናውያን ወደቁ። የሁሉም እናት አንድ ዓይነት ዕንባ ነው ያላት።

በ2024 ስለ ድንበር ቅኝት ተስማምተው መሪዎቹ በካዛን ተገናኙ፤ በ2025 ተቋርጦ የነበረው ቀጥታ በረራ ተመለሰ፤ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ልዑካኑ እየጨባበጡ ካርታውን አጥፈው የሚያስቀምጡበት ልማድ ካልቀረ፣ ለወታደሩ ያተረፉለት ሌላ ክረምት ብቻ ነው።

ወዳጆቼ፣ ከእናንተ መካከል ጋሽ ድንበሩ ያስተማራችሁ ካላችሁ፣ በሕይወት እንዳለ ጻፉልኝ።