ጂፕ በወገራ መንገድ

ጎንደር የሄደ ሰው ምን እንደሚያይ የታወቀ ነው፤ ፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ ቁስቋምን፣ ጊዜና አቅም ካለው ደግሞ የስሜንን ተራሮች። እኔም ለዚያው ነበር የሄድኩት፤ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ። ግንቦቹን አየሁ፣ ወደድኩም። ልቤን ይዛ የቀረችው ግን ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆማ ያገኘኋት አሮጌ የአሜሪካ ጂፕ ናት።

ከሩቅ ሲያዩዋት የወታደር መኪና ትመስላለች። ጠጋ ስል ኮፋኖዋ በፎቶግራፍ ከማውቃቸው የጦርነት ጊዜ ጂፖች ከፍ ያለ ሆኖ አገኘሁት። በጎኑ እጄን ሳሳልፍ፣ ስንት ጊዜ እንደተደራረበ ከማይታወቅ ቀለም ሥር ፊደላት ጣቴን ነኩት። የተለጠፉ አይደሉም፤ ከቆርቆሮው ጋር አብረው ተመትተው የወጡ ናቸው። «ዊሊስ» ይላሉ። ያን ጊዜ ምን እንዳገኘሁ ገባኝና ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ዊሊስ ሲጄ 3ቢ ናት፤ በኦሃዮ ግዛት በቶሊዶ ከተማ ከእ.ኤ.አ. 1953 እስከ 1968 ሲመረት የኖረው ዓይነት። ኮፋኖዋ ከፍ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። «ሃሪኬን» የተባለው ሞተሯ ማስገቢያ ቫልቮቹ ላይ ቴስታው ውስጥ፣ ማስወጫዎቹ ደግሞ ታች ብሎኩ ውስጥ ስለሆኑ ቁመቱ ከቀድሞው ሞተር በለጠ፤ ፋብሪካውም ቤቱን እንደ ባለቤቱ ቁመት ከፍ አደረገለት። ይህን መልኳን የማይወዱላት አሉ። እኔ ግን ግርማዋ እዚያ ላይ ነው እላለሁ።

የዚች መኪና ዘር የሚጀምረው ከዊሊስ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 አውሮፓ በጦርነት ስትነድ፣ የአሜሪካ ጦር አራቱም እግሯ የሚጎትት ቀላል መኪና ፈለገ፤ ለናሙናው የሰጠው ጊዜም 49 ቀን ብቻ ነበር። ፔንሲልቬንያ ውስጥ በትለር በምትባል ከተማ የነበረው ባንታም የተባለ ትንሽ ኩባንያ ካርል ፕሮብስት የተባለ መሐንዲስ ጠርቶ ንድፉን በጥቂት ቀናት አሠርቶ፣ መኪናዋን በመስከረም ወር አስረከበ። ጦሩ መኪናዋን ወደደ፣ ኩባንያውን ግን አነስክ አለው። ሥራው ለዊሊስና ለፎርድ ሄደ። ዊሊስን ያስመረጠው ባርኒ ሩስ የተባለው መሐንዲሱ ያሻሻለው ባለ 60 ፈረስ ጉልበት ሞተር ነው። ሁለቱ ኩባንያዎች ጦርነቱ እስኪያልቅ ከ600,000 በላይ ጂፖች ሠሩ። ባንታም ያተረፈው ተጎታች ጋሪ የመሥራት ውል ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ለባንታም አዝናለሁ።

ጎንደርንም ጦርነት አልማራትም። የጣሊያኑ የስታራቼ ጦር በመቶዎች በሚቆጠሩ ካሚዮኖች ተጭኖ ከተማዋን የያዛት መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጣሊያኑ ጄኔራል የናዚ ጦር እዚያው ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። የዊሊስ የጦር ጂፕ በብዛት መመረት የጀመረው ልክ በዚያው ኅዳር ወር ነው። እዚህ ጦርነቱ ሲያበቃ ቶሊዶ ውስጥ በብዛት የሚሠሩት የመጀመሪያዎቹ ጂፖች ከፋብሪካ እየወጡ ነበር ማለት ነው።

አሜሪካኖቹ ወደኛ በብዛት የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በዓለም ባንክ ብድር ሲቋቋም የመጀመሪያዎቹ ኃላፊዎች ከአሜሪካ የመንገድ መሥሪያ ቤት የመጡ ነበሩ። በ1945 ዓ.ም. የጦር እርዳታ ስምምነት ተፈረመ፤ ጂፕም ከጠመንጃውና ከሬዲዮው ጋር የጦር ሠራዊታችን ዕቃ ሆነ። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በአሜሪካ፣ በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ እገዛ ተከፈተ። ዊሊስ ሲጄ 3ቢ የዚያ ዘመን ልጅ ናት።

ይችኛዋን ባለቤቷ የገዟት ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጨረታ ነው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። በጉልምስናቸው ፊያት ኤንትሬ ይዘው ጎንደር አስመራ ሲመላለሱ የኖሩ፣ ሊማሊሞን በሌሊት የወረዱ ሰው ናቸው። ጋሼ ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ መኪናዋን ስዞራት ሲያዩ ቆይተው ነበርና «ልጄ፣ ወደድካት አይደል?» አሉኝ። ጋራዡን የሚሠራው የእህታቸው ልጅ ነው። የዚያን ቀን ካርቡራተሯን ፈቶ ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን ተበጣጥሶ አግኝቶታል። ለዚች መኪና የሚሆን ጓርኒሲዮን የሚሸጥ ሱቅ ጎንደር ውስጥ የለም።

ያደረገውን ላውጋችሁ። አንድ ወፍራም የጓርኒሲዮን ወረቀት ካርቡራተሩ በሚቀመጥበት ብረት ላይ አነጠፈ። አነስተኛ መዶሻ አንሥቶ፣ በክቡ ጫፏ፣ የብረቱን ጠርዝ እየተከተለ ቀስ እያለ መታ መታ ያደርግ ጀመር። የብረቱ ጠርዝ ራሱ ወረቀቱን ይቆርጠዋል። መጀመሪያ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ወጡ፤ በቀዳዳዎቹ ቡሎን አስገብቶ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት አሰረ፤ ከዚያ የመሐሉ ቀዳዳ፣ በመጨረሻ ዙሪያው። መቀስ አልነካውም። ሲያነሣው ከፋብሪካ የመጣ ያህል ልክ ነበር። ትንሽ ግራሶ ቀብቶ መልሶ ገጠመው።

«ይችን መኪና ስትገዛ መካኒክነትንም አብረህ ትገዛለህ» አሉኝ ጋሼ። በ1969 ዓ.ም. ደርግ አሜሪካኖቹን ካስወጣ በኋላ መለዋወጫው ተቋርጦ፣ ያልተሠራላት ነገር እንደሌለ እየቆጠሩ ነገሩኝ። የባሌስትራዋ ቡሽ ቶርኖ ቤት የተቀረጸ ነው። ራዲያተሯ በብየዳ ስንት ጊዜ እንደተደፈነ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። የኋላ ወንበሯ ከሌላ መኪና የመጣ ነው። ሞተሯና ካምቢዮዋ ግን የራሷ ናቸው፤ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ ይላል። ቤንዚን መጠጣቷን አይደብቁም። ቤንዚን ከከተማው የጠፋ ሰሞን ለሳምንታት ሳትንቀሳቀስ ትቆማለች። ሊብሬዋን በላስቲክ ጠቅልለው ከቤት ካርታቸው ጋር ነው የሚያስቀምጡት።

ደባርቅ ድረስ እንሂድ አልኳቸው፤ ቤንዚኑን እኔ እችላለሁ ብዬ። ትንሽ አሰቡና እሺ አሉ፤ ወጣቱም አብሮን መጣ። በማግስቱ ማለዳ ባትሪው ስለደከመ ከፊት በኩል ማኒቬላ አስገብቶ አንድ ሁለቴ ሲያዞረው ሞተሩ ተነሣ። ቤንዚን ታንከሩ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ነው፤ ጋሼ የሚቀመጡት እሱ ላይ ነው። ከፍተኛ ማርሹ ሦስተኛ ነው፤ ከሱ ጎን ደግሞ የፊት ጎማዎቹን የሚያስገባው ሌላ ማርሽ አለ፤ ባለከባድና ባለቀላል። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአዲስ መኪና በአስፋልቱ ላይ ይበራል። እኛ ከ60 አላለፍንም፤ ጋሼ አይፈቅዱም።

ከወለቃ አልፈን ወደ ኮሶዬ የሚወስደውን ዳገት እንደያዝን ሞተሯ አንዴ ተንተባተበ። እኔ ደነገጥኩ፤ እሳቸው ዳር ይዘው አቆሙ። ወጣቱ ኮፋኖውን ከፍቶ ከጀሪካን ውኃ የነከረውን ጨርቅ የቤንዚን ፓምፑ ላይ ጠቀለለው። ቦታው ከፍ ሲል የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ቤንዚንም በቀላሉ ይተናል፤ ሞተር የሚያግለው ቱቦ ውስጥ ፈሳሹ ቀርቶ ተን ከሞላ ፓምፑ የሚገፋው ነገር ያጣል። እርጥቡ ጨርቅ ያበርደውና ተኑ ተመልሶ ቤንዚን ይሆናል። በቆምንበት ቦታ ከታች የሚታየው ገደል፣ ከገደሉ ማዶ እስከ ዓይን ዳርቻ የተዘረጋው ቆላ፣ ለዘላለም ቢያስቆመኝም አይከፋኝም ነበር። ትንሽ ቆይታ ተነሣች።

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ወገራ ተከፈተ፤ ግራና ቀኝ ገብስ፣ ብርዱ ፊት የሚጋረፍ። የፊት መስታወቷ ወደ ኮፋኖው ስለሚታጠፍ ጥቂት መንገድ አጥፈን ሄድን፤ ዓይኔ እያለቀሰ ሳቅሁ። ዳባት ገበያ ነበርና የሚያውቋት ሰዎች እጃቸውን ያነሡላት ነበር። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ እንደሷ በራሱ አየር የሚስብ ሞተር ከሩብ በላይ ጉልበቱን ያጣል። ፋብሪካው ከ70 በላይ ፈረስ የሰጣት ሞተር ደባርቅ የሚደርሰው ከ50 ብዙ በማይበልጥ ነው። ይህችው ግን ሦስታችንን ከነዕቃችን ይዛ ገባች።

ደባርቅ ላይ የገጠመኝን ነገር እስካሁን ለሰው ሳወራ አልጠግብም። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት በር ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ ቱሪስት የሚወስዱ ላንድ ክሩዘሮች ተሰልፈዋል፤ ከመካከላቸው አንድ አሮጌ ላንድ ሮቨር። የኛዋ ከጫፍ ቆመች። ላንድ ሮቨርን የፈጠረው ሞሪስ ዊልክስ የመጀመሪያውን ናሙና የሠራው በጦርነት ጊዜ ጂፕ ሻንሲ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ለዓለም ቀረበ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1951 የሠራት የላንድ ክሩዘር እናት ስሟ «ቶዮታ ጂፕ» ነበር፤ ስሙ የሌላ ኩባንያ ስለሆነ ነው በ1954 ላንድ ክሩዘር የተባለችው። ሩሲያም በጦርነቱ ጊዜ ከአሜሪካ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጂፖች ተቀብላለች፤ በደርግ ጊዜ የምናውቀው ዋዝ ያን ፈለግ ተከትሎ የመጣ ነው። የስሜንን ዳገት የሚወጡት እነዚህ መኪኖች ሁሉ ዘራቸው ቢቆጠር የዚች ጫፍ የቆመችው እናት ወደሆነችው የጦርነት ጊዜ ጂፕ ይደርሳል። ይህን ለሾፌሮቹ ስነግራቸው አንደኛው ወርዶ ዞሮ አያት፤ ከዚያ ወንበሯ ላይ ይቀመጥ ዘንድ ጋሼን አስፈቀደ።

ከደባርቅ ትንሽ ዘልቀን ሊማሊሞ አፋፍ ደረስን። ጣሊያን የቀደደው መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ይወርዳል። ከአፋፉ ላይ የነበረው የጣሊያን ጦር የወልቅፊት ምሽግ እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን አልሰጠም ነበር። ጋሼ ከባዱን ማርሽ አስገብተው ጥቂት መታጠፊያ ወረዱ፤ እግራቸው ፍሬን አልነካም። «ፍሬን ለመቆሚያ ነው፤ ቁልቁለት በማርሽ ነው የሚወረድ» አሉ። ሞተሩ እያጓራ መኪናዋን ያዛት።

እዚያ አፋፍ ላይ ቆመን የጂፕን ባለቤቶች ቆጠርኩላቸው። ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1953 ለካይዘር ተሸጠ፤ ካይዘር በ1970 ለአሜሪካን ሞተርስ፤ እሱ በ1987 ለክራይስለር፤ ክራይስለር በ1998 ከጀርመኑ ዳይምለር ጋር ተቀላቀለና ተለያየ፤ ከ2009 ጀምሮ ፊያት ገባበት፤ ከ2021 ወዲህ ጂፕና ፊያት ስቴላንቲስ በሚባል አንድ ኩባንያ ሥር ናቸው። ኤንትሬ እየነዱ በዚህ መንገድ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሰው ኮፋኖዋን መታ መታ አድርገው፣ «እንግዲያው እኔ ከአንድ ቤት አልወጣሁም» አሉ።

እንዲህ ያለች መኪና ከእንግዲህ ወደ አገራችን አትገባም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን የማይቻል ያህል አስወድዶታል፤ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ማስመጣት ተከልክሏል። ያለን በየግቢው ጥግ የቆመው ብቻ ነው፤ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛውም ሰው በየሰፈሩ እየዞረ ነው። እሱ በኪሎ መዝኖ የሚወስደው ብረት ቀልጦ የቤት ፌሮ ይሆናል።

ስለዚህ በጎንደርም ሆነ በደባርቅ፣ በዳባትም ሆነ በሌላ ከተማ፣ አባታችሁ ያቆሙት ጂፕ ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ለዚያ ሰው አትስጡት። ሊብሬውን ፈልጉ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙ፤ ጣሪያ ከሌለው ሸራ አልብሱት፤ ሞተሩ እንዳይጣበቅ በየጊዜው በማኒቬላ አዙሩት። የከተማው የባህልና ቱሪዝም ሰዎችም እነዚህን መኪኖች መዝግቡልን፤ አንዲቱን እንኳ ገዝታችሁ እንግዳ በሚያያት ቦታ አቁሙልን። የጋሼዋ ጂፕ ዛሬም ትነሣለች።